የገደለው ጥጋብ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሟቹ ተዋናይ ማቲው ፔሪ ግለ ታሪክ የወጣው ጽሑፍ ሲያበቃ ሰውየውን «የገደለው ጥጋብ ነው» ይላል። እኔ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ በሚገኝ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ባለሙያ ነኝ። መጽሐፉን ልጄ ስልኬ ላይ ጭናልኝ በሦስት ሌሊት ጨረስሁት። ያቺ ቃል ግን አልዋጥ አለችኝ።

ገንዘብስ ነበረው። ፍሬንድስ በተባለው ተከታታይ ፊልም ከ1994 እስከ 2004 (የእርሱን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ቀልደኛውን ቻንድለርን ሆኖ ሲጫወት፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ለአንድ ክፍል 1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለው ነበር። መጠጥ የጀመረው ግን በ14 ዓመቱ ነው፤ ያኔ ምን ጠግቦ? እኛም ዘንድ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ በሄድሁባቸው ቀናት ሁሉ ግን መታወቂያ ሲጠየቅ አላየሁም። ሱስ የሆነበትን የሕመም ማስታገሻም መጀመሪያ ከሐኪም እጅ ነው ያገኘው። ፊልም እየሠራ ሳለ የውሃ ላይ ሞተር አደጋ ደረሰበት፣ ክኒን ተሰጠው፣ ከዚያ ቁጥሩ አደገ። በቀን 55 ፍሬ ደርሶ ነበር። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ተነሣሁ።

እንዲህ ያለው ማስታገሻ አንጀትን ያዘገያል፤ ሲበዛም ያቆመዋል። በ2018 ትልቁ አንጀቱ ፈነዳ፣ ሐኪሞችም የመትረፍ ዕድሉ 2 በመቶ ነው ብለው ለቤተሰቡ ነገሩ። ከሱስ ለመውጣት 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳወጣ ራሱ ተናግሯል። ጥጋበኛ ለመዳን ይህን ያህል ይከስክሳል?

ከመጽሐፉ ሁሉ ያልለቀቀኝ አንድ ቦታ ነው። እሑድ እሑድ ሊሸጡ የተከፈቱ ቤቶችን እንደ ገዢ ሆኖ ይጎበኝ ነበር፤ የሚጎበኘው ግን ቤቱን ሳይሆን የመታጠቢያ ቤቱን የመድኃኒት ሣጥን ነው። ሰው የረሳውን ክኒን ይሰርቃል። ባለቤቶቹም ቻንድለር መጥቶ ሰረቀን ብለው አይጠረጥሩም።

እኔም አልጠረጠርሁም። ጥርስ የማያስከድን ደንበኛ ነበረን፤ እርሱ የገባ ዕለት ሰልፍ የያዘው በሽተኛ ሳይቀር ይስቃል። እግሩ ተሰብሮ የታዘዘለትን ማስታገሻ ደጋግሞ ሲወስድ እኔ ቀልዱን ነበር የምጠብቀው። አንድ ቀን ማታ መዝገብ ሳስተካክል በማዘዣው ላይ ያለችው 3 ጎኗ ተዘግቶ 8 እንደሆነች አየሁ። ቀለሙም የተለየ ነው፤ ሕፃን እንኳ የሚለየው። ወረቀቱን ስቀበል አብሬው እየሳቅሁ ነበርና እኔ አላየሁትም። ባልደረባዬ «ተወው፣ እርሱ እኮ ደስተኛ ሰው ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ወንድሙን ገበያ አግኝቼ ብጠይቀው ጠበል እንደወሰዱት ነገረኝ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። ለምን ዝቅ እንዳደረገ ይገባኛል፤ ጎረቤት ቢሰማ ጥጋብ ነው ይላላ!

ፔሪ በጥቅምት 2023 በ54 ዓመቱ የሞተው በኬታሚን ነው፤ በሕክምና ለማደንዘዣ የምንጠቀምበት መድኃኒት ነው። የገደለውን ከሕገ ወጥ ሻጭ ቢያገኘውም፣ መድኃኒት ነው እንጂ ከሰማይ የመጣ አይደለም።

እኛ ቤት የመድኃኒት ሣጥን ላይኖር ይችላል። ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ግን በፌስታል የታሰረ፣ እናታችን ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት የተረፈ ማስታገሻ አለ፤ ለጥየቃ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያልፍበታል። አንባቢዎቻችሁ ዛሬ ማታ አውጥተው ይቁጠሩት፣ ይቆልፉበትም። ያቺን ቃል ደግሞ በሚቀጥለው እትም ብታርሟት፣ ጋዜጣውን ለዚያ ለወንድሙ እወስድለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከሐዋሳ