ስምንቱን ዓመት ከየት አመጣችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት የአዲስ አበባ ወንዶች የካንሰር ሞት «እየቀነሰ ነው» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብኩት ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው። አነበብኩ ከማለት አስነበቡኝ ብል ይሻላል። ጎረቤቴ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «አየህ አይደል ጸሐፊው? አንተ ነህ በከንቱ ያስጨነቅከኝ» አለኝ። ይህ ሰው ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳል። ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ፕሮስቴት የሚሉት፣ ወንድ ከፊኛው ሥር ያለው እጢ በዕድሜ ብቻም ያብጣል። ግን ሳይመረመር ማን ያውቃል? ሁለት ወር ለምኜው፣ ከባለቤቱ ጋር መክሬ፣ በስንት ጭቅጭቅ ቀጠሮ አስያዝኩት። አሁን የእናንተን ግራፍ አይቶ ሊቀርበት ነው።

እንግዲህ ወደ ግራፉ። አንባቢው ሁሉ አይቶታል፤ በግራ 2005 የሚል ረጅም ዓምድ፣ በቀኝ 2013 የሚል አጭር ዓምድ፣ በመሐላቸው ቁልቁል የምትምዘገዘግ ቀይ ቀስት። «በስምንት ዓመት ውስጥ» ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ መነጽር በሚያስለምን ጥቃቅን ፊደል ምንጩ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው የአንድ ሆስፒታል ዓመታዊ ሪፖርት፣ ሁለተኛው የከተማው የካንሰር ምዝገባ። ሆስፒታሉ ዓመቱን የሚቆጥረው በእኛ ነው፤ የምዝገባው ውጤት የታተመው በፈረንጆቹ ነው። እንቁጣጣሽን በመስከረም የሚያከብር ጋዜጠኛ፣ የእኛ 2005 ማለት በእነሱ ከመስከረም 2012 እስከ መስከረም 2013 መሆኑን እንዴት ይስታል? ሁለቱ ዓምዶች የአንድ ዘመን ናቸው! ስምንት ዓመት ሙሉ ቀነሰ የተባለው ሞት ከቦታው ፈቀቅ እንኳ አላለም።

ጡረታ እስክወጣ 31 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። የአንዱን ቅርንጫፍ መዝገብ ከሌላው አደባልቄ «ወጪያችን ቀነሰ» ብል ኖሮ በዚያው ቀን ወንበሬን በለቀቅሁ። እናንተ ግን የመጀመሪያ ገጽ ሰጣችሁት።

የአንድ ዘመን ከሆኑ ቁጥሮቹ ለምን ተለያዩ ለሚል፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሆስፒታል የሚመዘግበው በሩን ያንኳኳውን ሁሉ ነው፤ ከወለጋም ይምጣ ከጎንደር። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ካንሰር ያገኘው ሰው መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. እዚያው ጥቁር አንበሳ የተቋቋመው ምዝገባ ደግሞ የሚይዘው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣውን ከቁጥሩ ስታወጡት ዓምዱ ያጥራል። የዳነ ሰው ስላለ አይደለም።

ደግሞስ እነዚህ ቁጥሮች በሽታው የተገኘባቸውን ሰዎች እንጂ ሟቾችን መች ቆጠሩ? ዘገባችሁ «ታመመ»ን እና «ሞተ»ን እያፈራረቀ እንደ አንድ ቃል ተጠቅሞባቸዋል። ምዝገባው በ2012 እና በ2013 እ.ኤ.አ. ካገኛቸው ታማሚዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች መሆናቸው እውነት ነው፤ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር እናቶቻችንን እየጨረሰ ነው። ከዚህ ተነስቶ ግን «በከተማችን ካንሰር በዋናነት የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ወንዱን ማሰናበት ምን አመጣው? በወንዶች በኩል የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ፣ የደምና የፕሮስቴት ካንሰር ከፊት ተሰልፈዋል። የአንዳቸውንም ስም አልጠራችሁም። ፊንጢጣ የሚል ቃል ማተም ነውር ሆኖባችሁ ይሆን?

«የሞት ምጣኔ» ስትሉ ደግሞ ከስንት ወንድ? የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ያለው ግምት ነው። ዕድሜም አለ። ፕሮስቴት በብዛት የሽማግሌ ካንሰር ስለሆነ፣ በወጣት ለተሞላ ከተማ በጅምላ ማካፈል እኛን ሽማግሌዎቹን በልጆቻችን መሸፈን ነው። ባለሙያዎች ቁጥሩን በዕድሜ የሚያስተካክሉት ለዚህ ነው። እናንተ ያስተካከላችሁት ቀስቷን ብቻ ነው።

ሞት ከተነሳ አይቀር፣ ጎረቤቴ «ጸሐፊው» የሚለኝ የእድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። ፒያሳ የነበረው ሰፈራችን ፈርሶ አባላቱ ዳር ዳር ኮንዶሚኒየም ቢበተኑም መዝገቡ እኔ ዘንድ አለ። «የሞቱ ምክንያት» የሚል ዓምድ አለው። ዘገባችሁን ባነበብኩበት ማታ ገለጥኩት። «በሕመም»፣ «በሕመም»፣ «በድንገተኛ ሕመም»፣ «በጨጓራ»፣ አንድ ቦታ «በመኪና አደጋ»፣ እንደገና «በሕመም»። ካንሰር የሚል ቃል ለሴት ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ ለወንድ አንድም የለም። በእናንተ ስሌት የእኛ እድር ወንዶች ከካንሰር ነፃ ወጥተዋል፤ እንኳን ደስ አላቸው።

ከነዚያ «በሕመም»ዎች አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወገቤን ወገቤን ሲል ከረመ። ወጌሻ ቅቤ እየቀባ አሸው። ጸበል ገባ። አንድ ክሊኒክ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ሦስት ዙር ኪኒን አስዋጠው። ሆስፒታል ሲደርስ ከፕሮስቴቱ የተነሳው ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። «ቤት ወስዳችሁ አስታምሙት» ተባልን፤ አስታመምነው። አልጋው ላይ ስላረፈ በየትኛውም ሆስፒታል የሟች መዝገብ ላይ ስሙ የለም። ለቀብር ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ መዝጋቢው «ምን ነበር ያመመው?» ሲል ልጁ «ወገቡን» አለ። አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። በለቅሶ መሐል ካንሰር ብሎ የሚናገር ማን አለ? ማታ እቤቴ ገብቼ «በሕመም» ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

እንዲህ ያለውን የሚያጣራ ሥራ በዚህችው ከተማ ተሠርቷል፤ ዘገባችሁ አልሰማም እንጂ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች በከተማዋ መካነ መቃብሮች፣ በቤተ ክርስቲያኑም በሙስሊሙም በማዘጋጃ ቤቱም፣ የቀብር ምዝገባ ዘርግተው ነበር። ከተመዘገቡት መሐል ከመረጧቸው ሟቾች ቤት ሄደው ቤተሰቡን ይጠይቁ ነበር፤ ስንት ጊዜ ተኛ፣ ከስቶ ነበር ወይ፣ ምኑን ነበር የሚያመው። መልሱን ሐኪሞች አይተው ምክንያቱን ይወስኑ ነበር። ስለ ሞት ለመጻፍ የሚጀመረው ሞትን ከሚቆጥር መዝገብ ነው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት ሁሉ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ የኛ ሰው ግን ውርስ ካልገጠመው ወረዳ ድረስ ሄዶ ሞት ማስመዝገብ መቼ ለመደ?

እርማቱን እዚያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በግራፉ ልክ አውጡት። በጥቃቅኗ ፊደል እንዳታደርጉት። የጎረቤቴ ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ በፊት ከደረሰልኝ ስልክ አፍንጫው ሥር የምደቅነው እኔ እሆናለሁ።

የእድር ጸሐፊ፣ ከፒያሳ