ኦዲተሩ መሠረቱ ሳይሸፈን ይምጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደቡብና በሰሜን ወሎ ወረዳዎች የግንባታ ሥራ ልኬት ስወስድና የክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራው ሥራ የሚከፈልበትን ሰነድ) ሳዘጋጅ ብዙ ዓመት የኖርሁ የደሴ ነዋሪ ነኝ። የመንግሥት ግንባታ በኦዲት ይጠበቅ ሲባል እስማማለሁ፤ የሚያሳስበኝ ግን የኦዲቱ ብዛት ሳይሆን የሚደረግበት ወቅት ነው።

በአንድ የወረዳ ከተማ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሲሠራ፣ ቦታው ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ ዋልካ በመሆኑ ጥቁሩ አፈር 1.5 ሜትር ተቆፍሮ እንዲወጣና በተመረጠ አፈር ተሞልቶ እንዲጠቀጠቅ በሥራ ዝርዝሩ ታዝዞ ነበር። የተቆፈረው ግን ከ80 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ይህን የማውቀው ሜትሩን የያዝሁት እኔ ስለ ነበርሁ ነው። እንድፈርም የቀረበልኝ ልኬት ሌላ ስለ ነበር አልፈረምሁም፤ ሌላ ሰው ፈረመ። ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ። ኦዲተሮቹ በመጡ ጊዜ ጨረታውንም፣ ደረሰኙንም፣ ፊርማውንም የተሟላ ሆኖ አገኙት። አልዋሹም፤ ከወለሉ በታች ያለውን በምን ይዩት?

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ስለሚሆን፣ በሰኔ የሚፈረም ክፍያ በመስክ ካለው ሥራ ቀድሞ ይሮጣል፤ ያልታሰረ ፌሮ እንደ ታሰረ፣ ያልተሞላ ቤቶን እንደ ተሞላ ተቆጥሮ የሚከፈልበት ጊዜ አለ። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቦታውን ያጨቀየዋል፤ ሒሳቡ ተዘግቶ ኦዲት እስኪጀመር ደግሞ ሥራው በችኮላ ተሸፍኗል። የቤቶኑን ጥንካሬ ለመለካት በ28ኛው ቀን የሚሰበረውን የናሙና ኮንክሪት ኪዩብም ተቋራጩ ራሱ ካዘጋጀው፣ ለናሙናው የገባው ሲሚንቶ ለአምዱም መግባቱን የሚያረጋግጥ የለም (ለናሙና የሚቦካ ቤቶን ደካማ ሆኖ አይቼ አላውቅም)። ለጉድለት ማስተማመኛ ከተቋራጩ ክፍያ የሚያዘው፣ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ የሆነው የመያዣ ገንዘብም ቢሆን ከጊዜያዊ ርክክብ አንድ ዓመት በኋላ ሲለቀቅ፣ በክረምት የሚያብጠውና በበጋ የሚኮማተረው ዋልካ ጉዱን ሳያወጣ ተቋራጩ ተሰናብቷል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር ወጪው በተፈቀደው በጀት መሠረት በአግባቡ መዋሉን እንዲመረምር ያዝዛል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ዋና ኦዲተር አሏቸው። ዋልካ ላይ ይህ «በአግባቡ» የሚታወቀው በደረሰኝ ሳይሆን በሜትር ነው። ስለዚህ መሐንዲስ ያለበት የኦዲት ቡድን ቀኑን ሳያሳውቅ፣ መሠረት ከመሸፈኑና ቤቶን ከመሞላቱ በፊት እየተገኘ ልኬቱን ከክፍያ ሰርተፊኬቱ ጋር ያመሳክር፤ ናሙናውንም ለአምዱ ከተቦካው ራሱ ይውሰድ። ሁሉንም ፕሮጀክት ማዳረስ አይቻል ይሆናል፤ ቢሆንም የትኛው እንደሚጎበኝ አለመታወቁ ብቻውን ብዙ እጅ ይሰበስባል። ክፍያ እየዘገየባቸው፣ ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር የሚከስሩ ሐቀኛ ተቋራጮች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሥራው በወቅቱ መለካቱ እነሱን ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የተጎዱትን የወሎ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት መልሶ ለመገንባት «አስቸኳይ ነው» በሚል ጨረታው ሲያጥር ልኬቱም አብሮ እንዳያጥር፣ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ከመጪው ሰኔ በፊት እንዲመክሩበት በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ