ወደ ራስ ዳሽን የሚወስደውን የእግር መንገድ እኛው እንጠግነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ እንደምን ከረማችሁ።

ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ነው ያደግኩት፣ የስሜን ተራሮችን በእግሬ የረገጥኩት ግን ሠላሳ አመት ካለፈኝ በኋላ ነው፣ ይሄን ሳስብ ይቆጨኛል። የፓርኩ መግቢያ ደባርቅ እኮ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ጠዋት ሚኒባስ ከያዝክ ለምሳ ትደርሳለህ።

ወደ ራስ ዳሽን በሚወስደው መንገድ ካለው ሳንቃበር ካምፕ ተነስተን ጅንባር ፏፏቴን አይተን ግጭ ካምፕ አደርን፣ በማግስቱ እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ስቆም እንባዬ ነው የመጣው፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ አጠገባችን ሣር ይነጫሉ፣ ጨነቅ ካምፕ ስንደርስ ደግሞ ዋልያ አየን። ያዘንኩት በመንገዱ ነው። የክረምት ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ላይ በቅሎውም ሰውም ጉድጓዱን ሸሽቶ በጎን ይሄዳል፣ አንዱ መንገድ አራት አምስት ይሆናል፣ ጓሳው (የደጋው ሣር) ይረገጣል፣ በሚቀጥለው ክረምት አፈሩ ታጥቦ ይሄዳል። መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ድንጋይ በአግድም ደርድሮ ውሃውን ወደ ጎን ማስወጣት ነው፣ እርከን የሰራ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ወንድሜ አሜሪካ ዊስኮንሲን ነው ሚኖረው። እዛ አይስ ኤጅ ትሬይል የሚባል ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ አለ፣ ሙሉውን በአንድ ስቴት ውስጥ፣ የጥንቱ የበረዶ ግግር የቆመበትን ዳር ተከትሎ ነው ሚሄደው (የኛም የስሜኑ ቧሂት ተራራ በዛ ዘመን በረዶ ግግር ነበረው)። ዛፍ ላይ የተቀባ ቢጫ ምልክት መንገደኛውን ይመራል፣ ጥገናውን ደግሞ በብዛት በጎ ፈቃደኞች ናቸው ሚሰሩት፣ በየአካባቢው ተደራጅተው እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ይይዛል።

እኛስ? ስሜን በ1970 የአለም ቅርስ ሆኖ ከ1989 እስከ 2009 አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የከረመ ፓርክ ነው፣ ከዛ መዝገብ ከወጣ በኋላ እንደገና እንዲጎዳ መተው የለብንም። መንገዱ ሰላም ሲሆን የጎንደር ወጣት፣ የዩኒቨርሲቲ ክበብ፣ ተጓዥ ቡድኑ ከፓርኩ ጋር ተነጋግሮ አንድ አንድ ቁራጭ ቢይዝ፣ ገንዘብ ያለው ደግሞ ቢያዋጣና ቱሪስት ስለጠፋ ስራ ለፈቱት ጋይዶችና በቅሎ ነጂዎች የቀን አበል ቢከፈል፣ ድንጋዩን በየትኛው ቦታ መደርደር እንዳለበት ከነሱ በላይ ሚያውቅ የለም። ስራው ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ ማለቅ አለበት።

ጋዜጣችሁን ሚያነብ የፓርኩ ሰው ካለ በጎ ፈቃደኛ የት እንደሚመዘገብ በዚሁ ገፅ ይንገረን። እኔ ዶማዬን ይዤ እመጣለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር