ለሲሚንቶው ጽሑፋችሁ መልስ፣ ከቢቸና

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ አእምሮ ያወጣችሁት ጽሑፍ እኛ ቢቸናም ደርሷል። ሌላ ሌላውን ልለፈው። የዕድገት ፕሮቲኖች ከ25 ዓመት በኋላ «ሙሉ በሙሉ ይጠፋሉ»፣ አእምሮም እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል የምትለዋን ግን ማለፍ አቃተኝ።

ማን ነገራችሁ?

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። እነዚህ ፕሮቲኖች የፅንስና የሕፃን ነርቭ ሴሎች ቦታቸውን እንዲይዙ፣ ቅርንጫፍ እንዲያወጡና እንዲገናኙ የሚያደርጉ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ መጠናቸው ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ ጠብ የለንም። መቀነስና መጥፋት ግን ለየቅል ነው። ነርቭ ሲያድግ የሚበዛው ጋፕ-43 የተባለ ፕሮቲን በአዋቂ ሰው አእምሮም አለ፣ በተለይ ለማስታወስ በሚያገለግለው ሂፖካምፐስ። ሪሊን የተባለው ፕሮቲንም የፅንሱን ሴሎች በየቦታቸው ካስያዘ በኋላ ጡረታ አይወጣም፤ በአዋቂው ውስጥ የነርቮችን መገናኛ ማስተካከሉን ይቀጥላል። የእጅ ነርቭ ሲቆረጥማ ጋፕ-43 እንደገና ይጨምራል፣ ነርቩም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊያድግ ይችላል። አእምሮ ውስጥ እንዲህ አይቀልም። እንደ ኖጎ-ኤ ያሉ ዕድገትን የሚያግዱ ፕሮቲኖች አሉ፣ አንዳንድ ሴሎችንም የሚከብ መረብ አለ። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች ይህን መረብ በኢንዛይም ሲያሟሙት፣ በአዋቂ አይጦች አእምሮ ውስጥ እይታን የሚያስተናግዱ የነርቭ ሴሎች ልክ እንደ ልጅነታቸው መለወጥ ቻሉ። የደረቀ ሲሚንቶ ይህን ያደርጋል?

አዋቂ ሰው አዲስ ነርቭ ሴል ያበቅላል ወይ ብትሉ ኖሮ ጥሩ ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ቡድኖች ተቃራኒ ውጤት ይዘው ወጥተውበታል። እናንተ ግን ክርክሩን ትታችሁ ፍርዱን ሰጣችሁ።

የለንደን ታክሲ ነጂዎችን ጠቅሳችሁ የለ? መንገድ ሲያጠኑ የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ሰፋ ብላችሁ። ጎሽ! ታዲያ ነጂዎቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ጡጦ እየጠቡ ነው የሚነዱት?

ለንደን ድረስ የሄደ ብዕር እኛ ጋ ሲደርስ «ያልተማረ ገበሬ በጎልማሳነቱ አዲስ ነገር አይዝም» ብሎ አረፈው። እዚሁ ጎጃም፣ ዋሸራ ወይ ዲማ ቅኔ የተቀኘ ጎልማሳ፣ ያም አልበቃው ብሎ ድጓ ፍለጋ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ዙር አምባ ይወርዳል። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። የጭንቅላታቸውን ፎቶ አላነሳሁም፤ ያን ሁሉ ዜማ በቃላቸው ሲያወርዱ ግን ሰምቻለሁ።

ንዴቴን የጨመረው አጎቴ ናቸው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ይዞባቸዋል። ሽምብራ ከሰፌድ አንድ በአንድ እያነሱ ጣሳ ውስጥ እንዲጨምሩ ታዘዋል። አሰልቺ ነው፣ ጣታቸው ይንሸራተታል፣ ይሳደባሉ፣ ግን ይሠሩ ነበር። ነበር! የእናንተን ጽሑፍ አንዱ ጎረምሳ ከስልኩ ካነበበላቸው ወዲህ ሰፌዱን ገፉት። «ተወኝ ልጄ፣ ደርቋል ተብሏል» አሉኝ። ከስትሮክ በኋላ የተረፈው የአእምሮ ክፍል የጠፋውን ሥራ በከፊል ሊረከብ የሚችለው በእንዲህ ያለ ድግግሞሽ መሆኑን ብነግራቸው፣ እኔ ጋዜጣ አይደለሁማ፣ ማን ይሰማኛል?

እናም እርማቱን እዚያው ጽሑፉ በወጣበት ቦታ አውጡልን። አጎቴ መነጽር ስለማይወዱ ፊደሉን ጎላ አድርጉት።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ቢቸና