ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት ለደረሳችሁልን ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ አባታችንን ለቤታቸው ላበቃልን ለልዑል እግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይድረሰው። አርጀንቲናና ፈረንሳይ በተጋጠሙበት በዓለም ዋንጫው የፍጻሜ ምሽት አባታችን በድንገት ሲወድቁ የሆነውን የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ስለምታውቁት መድገም አያስፈልግም።

ምስጋናችን የሚጀምረው ስሙ እንዲጻፍ ካልፈቀደው ከባጃጅ አሽከርካሪው ወንድማችን ነው። አርጀንቲና 2 ለ 0 ስትመራ ይጨፍር የነበረው ይህ ልጅ፣ የፈረንሳዩ ምባፔ በ80ኛውና በ81ኛው ደቂቃ አከታትሎ አግብቶ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ሲያልቅ አንገቱን ደፋ። አባታችን የወደቁት «አይዞህ ልጄ፣ እኛም በ1954 ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 የረታነው 90ው ደቂቃ 2 ለ 2 አልቆ ነው» እያሉ ሲያጽናኑት ነበር። ያን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በልጅነታቸው ስታዲየም ገብተው ተመልክተዋል፤ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል ያዩትን ሳይተርኩለት የዋለ ልጅ በሰፈራችን የለም።

አምቡላንስ እስኪመጣ አልጠበቀም። መንገዱ እንዳያንገላታቸው የለበሰውን ባለ 10 ቁጥር ማልያ አውልቆ፣ አጣጥፎ ከራሳቸው ሥር አደረገና በዚያ የታኅሣሥ ብርድ በካናቴራ ብቻ እየነዳ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሜሲ 3ኛውን ጎል ሲያስገባ፣ የአርጀንቲናው ግብ ጠባቂ ማርቲኔዝ በመጨረሻዋ ደቂቃ የፈረንሳዩን ኮሎ ሙዋኒ ኳስ በእግሩ ሲመልስ፣ አገር ምድሩ ሲጮኽ፣ እሱ ካርድ ለማውጣት ተሰልፎ ነበር። ሌሊቱን ከእኛ ጋር አንግቶ የባጃጁን ሒሳብ እንኳ አልቀበልም አለን። ወንድሜ፣ ይህን ስጽፍ እንባዬ ይቀድመኛል፤ ለአባታችን እንደደረስክላቸው በክፉ ቀንህ የሚደርስልህ አትጣ።

ለተረኛ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት፣ ለዕድራችን አባላትና በጾሙ ወራት ሽሮና አጥሚት እየያዛችሁ ለተመላለሳችሁ ጎረቤቶቻችን ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ ሁሉን ለይተን አላስተዋልንምና ያልጠቀስናችሁ ይቅር በሉን።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በ3ኛው ቀን ወንድማችን ስልኩን ይዞ ወደ አባታችን አልጋ መጣ። ውጤቱን ቢሰማም ጨዋታውን ግን አላየውም ነበር፤ «ከእርስዎ ጋር ላየው ብዬ ነው፣ አባባ» አላቸው። ሞንቲዬል የመጨረሻውን መለያ ምት አስቆጥሮ 4 ለ 2 ሲያልቅ፣ ገና ቃል የማይወጣቸው አባታችን እጃቸውን ከአንሶላው ሥር አውጥተው መጀመሪያ አራት ጣት፣ ቀጥሎም ሁለት ጣት አሳዩት።

ቤተሰቡ
ቱሉ ዲምቱ