ማጣበቂያውን ከመርገማችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሆዳቸው ላይ ከረጢት ለጥፈው ስለሚኖሩ ሰዎች በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። መጻፋችሁ ራሱ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ስሙን ለመጥራት እንኳ የሚያፍርበት ጉዳይ ነው። አንዲት መስመር ግን አልተዋጠችልኝም። ቆዳችሁ ከተቆጣ ማጣበቂያው አለርጂ ሆኖባችሁ ይሆናልና ሌላ ምርት ሞክሩ የምትለዋ። ይቺን ምክር እኔም ሰምቻት ነበር። አምኛት አራት ወር ሙሉ ስቃጠል ከረምኩ።

የእኔ ኢሊዮስቶሚ ነው። የቀጭን አንጀቴ ጫፍ በሆዴ ቆዳ በኩል ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ከረጢቱም ከዚያ የሚወጣውን ፈሳሽ ይቀበላል። ይሄ ጫፍ ስቶማ ይባላል። ቀይና እርጥብ ነው፣ የከንፈር ውስጠኛውን ክፍል ይመስላል። ቢነኩት አያምም፣ ሲያጥቡት ትንሽ ደም ቢያሳይም አያስደነግጥም። ሰው የሚያለቅሰው በዙሪያው ባለው ቆዳ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ባለሙያ የተለጣፊውን፣ ማለትም ስቶማውን ከቦ ከረጢቱን ቆዳ ላይ የሚይዘውን ባለ ማጣበቂያ ሽፋን፣ ቀዳዳ እንዴት እንደምቆርጥ አሳየኝ። ልኩን ካርቶን ላይ አስምሮ ሰጠኝና "በዚህ እየቆረጥሽ ትለጥፊያለሽ" አለኝ። እኔም እንደ ታዛዥ ተማሪ በዚያው ካርቶን ስቆርጥ ከረምኩ። ስቶማ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አብጦ እንደሚቆይ፣ በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ደግሞ እየሟሸሸ እንደሚሄድ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ወር ላይ ማሳከክ ጀመረኝ። ከዚያ ማቃጠል መጣ። ከዚያ ቆዳው ተልጦ ማዠት ጀመረ፣ እርጥብ ቆዳ ላይ ደግሞ ማጣበቂያ አይይዝምና ያፈስሳል፣ ሲያፈስስ ቆዳው ይብስበታል፣ ሲብስበት ጭራሽ አልይዝ ይላል፣ እንዲህ እያልኩ በቀን ሁለቴ መቀየር ውስጥ ገባሁ። ምርት ቀየርኩ። ሦስት ዓይነት ሞከርኩ፣ ሁሉም ሁለት ቀን ደህና ይሆኑና በሦስተኛው ያው ናቸው። ቆዳው ይለስልስ ብዬ ክሬም ቀባሁ፣ ተለጣፊው ተንሸራቶ ወደቀ። ክፍተቱን የሚሞላ ፔስት ገዛሁ፣ አልኮል እንዳለበት ሳላውቅ የተላጠ ቆዳ ላይ አደረግኩትና ጣሪያ ልነካ ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። ለማጣበቂያ አለርጂ አለብኝ እያልኩ ሌላ ማጣበቂያ መጨመሬ ዛሬ ያስቀኛል፣ ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተፈታው በስቶማ ላይ የሠለጠኑ አንዲት ሲስተር ጋ ስደርስ ነው። ልብሴን ገልጬ ቆዳዬን ላሳያቸው ስል "ቆይ፣ እሱን እደርስበታለሁ፣ መጀመሪያ ያወለቅሽውን አምጪ" አሉኝ። ልጥለው የጠቀለልኩትን ተለጣፊ ተቀብለው ጀርባውን ወደ መብራት አዞሩት። ዙሪያው ደረቅና ቡናማ ነው። ቀዳዳው አካባቢ ግን ነጣ ብሎ እንደረጠበ ዳቦ አብጧል፣ በታች በግራ በኩል ደግሞ ምላስ የመሰለ የፈሳሽ ዱካ እስከ ጠርዙ ወርዷል። ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው "የሚያቃጥልሽ እዚህ ጋ ነው አይደል?" አሉኝ። እዚያው ጋ ነበር። አንዴም ሆዴን አላዩም።

ከዚያ ለኩ። ስቶማዬ 26 ሚሊ ሜትር ሆኗል። እኔ የምቆርጠው ቀዳዳ 38 ነው። በየአቅጣጫው 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቆዳ ራቁቱን ቀን ከሌት በፈሳሽ ይታጠባል ማለት ነው። የቀጭን አንጀት ፈሳሽ ደግሞ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉበት፣ ምግቡንና ቆዳዬን ለይቶ አያውቅም። ቀዳዳው ከስቶማው ሊሰፋ የሚገባው በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችሁ በዚህ እርሙልኝ። በስቶማ ዙሪያ ለሚቆጣ ቆዳ ዋነኛው ምክንያት የፈሳሽ መንካት ነው፣ እውነተኛ የማጣበቂያ አለርጂ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። መለያውም አለው። አለርጂ ሲሆን መቅላቱ ተለጣፊው ያረፈበትን ቦታ በሙሉ ይዞ ልክ በተለጣፊው ቅርጽ ይወጣል። ፈሳሽ ሲሆን ስቶማውን ይከባል ወይም ወደ አንድ ወገን ይወርዳል። አለርጂ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ያስመርምር። የሚጠረጠረው ነገር ጀርባ ላይ ተለጥፎ ለሁለት ቀን ይቆያል፣ ከተነሳ በኋላም ቦታው በድጋሚ ይታያል። በግምት ምርት እየቀያየሩ ገንዘብ መጨረስ እኔ ይብቃኝ።

ሌላም በማጣበቂያው የሚሳበብ ጥፋት አለ፣ የእጃችን ጥፋት። እኔ እንደ ቁስል ፕላስተር ላጥ ነበር የማደርገው፣ ቶሎ ይገላግለኛል ብዬ። እንዲህ ሲደረግ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከማጣበቂያው ጋር ይነሳል። አሁን ከላይ ጀምሬ በአንድ እጄ ቆዳውን ወደ ታች እየተጫንኩ በሌላው ቀስ ብዬ እጠቀልለዋለሁ፣ ካልላቀቀ የሲሊኮን ማላቀቂያ ስፕሬይ አለ። የማጥበው በለብታ ውሃ ብቻ ነው። ቅባት ያለው ሳሙናና የሕፃን መጥረጊያ ትተውት የሚሄዱት ነገር ስላለ ማጣበቂያው ላያቸው ላይ አይቆምም። ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ሳይፈትጉ።

ያዠውን ቆዳ ያዳንኩት እርጥበት በሚመጥ ዱቄት፣ በስቶማ ፓውደር ነው። እርጥቡ ቦታ ላይ ብቻ ይነሰነሳል፣ ትርፉ ይራገፋል፣ ከላይ አልኮል የሌለበት መከላከያ ስፕሬይ ይነፋበታል፣ ሲደርቅ ይለጠፋል። ትርፉ ይራገፋል ያልኩትን ልብ በሉ። ፓውደር በበዛ ቁጥር ይሻላል ብላችሁ እንደ ዱቄት ብታለብሱት ተለጣፊው የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ቆዳችሁን አይደለም። ስትለጥፉም በመዳፋችሁ አሙቁት፣ ከለጠፋችሁ በኋላ እጃችሁን አንድ ሁለት ደቂቃ ጭናችሁ ያዙት፣ ሙቀት ሲያገኝ ነው በደንብ የሚይዘው። ከረጢቱም ሲሶው ወይም ቢበዛ ግማሹ ሲሞላ ይደፋ፣ ክብደቱ ነው ጠርዙን የሚያነሳው። ስቶማው ከቆዳ እኩል የሆነ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ቀዳዳው በልክ ቢሆንም ሊያፈስበት ይችላል። ለእሱ ጎበጥ ያለ፣ ዙሪያውን ጫን የሚል ተለጣፊ አለና ባለሙያ ያማክር።

ሁሉም ነገር በልኬት አይፈታም። የሚያሳክክ መቅላት ከነትንንሽ ሽፍታዎቹ ከወጣ፣ በተለይ አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ ከሆነ፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ጠርዙ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ በጣም የሚያምም ቁስል ከታየ ደግሞ ውሎ ሳያድር ሐኪም ይየው፣ በተለይ የአንጀት ብግነት ሕመም ያለበት ሰው። ሐኪም ለቆዳው ቁጣ ስቴሮይድ ካዘዘላችሁም ማጣበቂያ የሚያስለቅቅ ቅባት እንዳይሆን በሎሽን ወይም በስፕሬይ መልክ እንዳለ ጠይቁ።

ማጣበቂያውን ያን ያህል መርገሜ ይቆጨኛል። ተለጥፎ የሚጣለውን ከረጢት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 ያሰበችው ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል ዴንማርካዊት ነርስ ናት፣ ስቶማ የተሠራላት እህቷ ያፈስብኛል ብላ ከቤት መውጣት ፈርታ ስለነበር። በዚያ ላይ ከተለጠፈ ሳያሳክክ እስከ ሦስትና አራት ቀን የሚቆይ ነገር ነው። የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ከሥር ፈሳሽ ገብቷል ማለት ነውና አንሱት።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም የስቶማ መለኪያ ካርድ ሥዕል፣ ያ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ያሉበትን ማለቴ ነው፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር አውጡልን፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየሳምንቱ ለኩ የሚል።

የሞከርኳቸው ሦስቱ ምርቶች ቁም ሳጥኔ ውስጥ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን፣ "አለርጂ ሆነብኝ" ብዬ ወደ ጥግ የገፋሁትን አውጥቼ በ28 ሚሊ ሜትር ቆርጬ ለጠፍኩት። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፣ አላሳከከኝም።

ስሜ እንዳይወጣ የምጠይቅ አንባቢያችሁ