«ስንተኛ ዓመትሽ ነው?»

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ስልኬ ሲጠራ ስምሽን እያየሁ ያላነሳሁባቸውን ቀናት አልረሳኋቸውም። የጠፋሁብሽ ተቀይሜሽ አይደለም፤ የምልሽን አጥቼ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ ጣቷን ከጆሮዬ ሥር አቁማ «እዚህ ጋ ምንድን ነው?» አለችኝ። ባቄላ የምታክል፣ ሲነኳት የማታምም ንፍፊት ነበረች። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ናሙና እንኳ ሳይወስድ የእጢ ቲቢ ነው ብሎ ስድስት ወር መድኃኒት አስዋጠኝ። ቲቢ በአገራችን ብዙ ነውና መጠርጠራቸው አያስወቅስም፤ ሳይመረምሩ ማስዋጣቸው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በኋላ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እጢዋ ሙሉዋን ወጥታ ተመረመረች፤ ፎሊኩላር ሊምፎማ ሆነች። ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ፣ ቀስ እያለ የሚያድግ ካንሰር ነው።

ሐኪሟ «መድኃኒት አሁን አንጀምርም» ስትለኝ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ነገሩ ሌላ ኖሯል። ይህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ባይነቀልም ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል፤ ምልክት የሌለው ሰው ኬሞ ቀድሞ በመጀመሩ ዕድሜው እንደማይረዝም በጥናት ታይቷል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ እየታየሁ እጠብቃለሁ። ከ38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ ከመጣብኝ ወይም በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቴ አንድ አሥረኛው ከጎደለ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እሄዳለሁ። 64 ኪሎ ነኝ፤ 57ን እፈራታለሁ።

ዘመድ ሁሉ «ተስፋ ቆርጠው ነው የሸኙሽ» አለኝ። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ ደስ ብሎኝ ተጠመቅሁ፣ ቀጠሮዬንም አላጎደልኩም። የከበደኝ ሌሊቱ ነበር። አንሶላውን እዳስሳለሁ፣ ደረቅ ነው። እተኛለሁ። ደግሞ ነቅቼ እዳስሳለሁ።

ባለፈው ጥር ወረፋ ላይ ሳለሁ አንዲት የሰበታ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ሕመማችን አንድ መሆኑን ሲያውቁ «ልጄ፣ ስንተኛ ዓመትሽ ነው?» አሉኝ። ዓመት የቆጠረልኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ዘጠነኛቸው ነው! አራት ዓመት ያለ መድኃኒት ቆይተው፣ የሆዳቸው እጢ ሲገፋ ኬሞውን ሪቱክሲማብ ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር ወስደው ወደ ጓሯቸው ተመልሰዋል። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው እጄን ያዙና የአንገታቸውን ጠባሳ አስነኩኝ። የእኔም እዚያው ቦታ ነው። እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ዝም ብለው እጄን ይዘው ቆዩ።

አሁን ስድስት ሆነናል። በወር አንድ እሑድ እንደ ጽዋ ማኅበር በየተራ ቤታችን እንገናኛለን። ለመድኃኒት ያጠረው ካለ እናዋጣለን፤ ብቻውን ለምርመራ የሚሄድ የለም። የምርመራ ወረቀታችንን አብረን እናነባለን፣ ያልገባንንም ሐኪሞቹን ለመጠየቅ ደብተር ላይ እንጽፋለን።

የሚመጣው እሑድ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ከጉለሌ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ነይልኝ። ለቡናው ጤና አዳም ይዘሽ ነይ፤ በረንዳዬ ላይ የተከልኩት ደርቆብኛል።

የምትናፍቅሽ እህትሽ